ሞቀኝ ያለው አሥራ አራተኛ ፎቅ

ከሰቆጣ የወጣሁት ጋቢ ለብሼ ነው። ወደ በረሃ አገር ለሚሄድ ሰው ጋቢ ምን ያደርግለታል ብላችሁ እንዳትስቁብኝ፤ በመሄጃዬ ዋዜማ ሌሊት እኔም ባለቤቴን ትርንጎን ደጋግሜ ያልኳት ይህንኑ ነበር። «አንቺ፣ እዚያ እኮ ሰው የሚሰቃየው በሙቀት ነው» ብላት፣ «አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስስ?» አለችና ሻንጣዬን ለሦስተኛ ጊዜ ፈትታ እንደገና አሰረችው። ሁለታችንም አልተኛንም። የምናወራው ሁሉ ስለ ሻንጣ ነበር፤ ስለ ሌላው ለማውራት አፋችን አልታዘዘንም። ከተጋባን ገና ዓመት ከመንፈቅ ነበር። ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስን፤ ተራ አስከባሪው «ወልድያ! ወልድያ!» እያለ ይጮኻል፣ እሷ የጋቢዬን ጫፍ ታስተካክላለች። «ደርሰህ ደውል» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ዞሬ ያላየኋት ጨክኜ አይደለም። ካየኋት እንደምወርድ አውቅ ነበር።

ለማታውቁኝ ልናገር፤ ስሜ ኪሮስ ነው፣ ሥራዬ ፍሪጅ መጠገን ነበር። ዋግ ውስጥ በዚህ ሙያ የከበረ ሰው አላየሁም፤ ሰቆጣ ላይ ደጅ ያደረ ውሃ ራሱ ቀዝቅዞ ያድራል። ደንበኞቼ ገበያው ውስጥ ለስላሳ የሚሸጡ ሁለት ሦስት ነጋዴዎችና ጤና ጣቢያዎቹ ነበሩ። አበርገሌ ውስጥ፣ ኒሯቅ ላይ የክትባት ፍሪጅ ሲቆም የሚጠሩት እኔን ነው። የአበርገሌን ሙቀት የቀመሰ ያውቀዋል፤ ፍሪጁ ከቆመ መድኃኒቱ ብዙ አይቆይም። ማቀዝቀዝ የቅንጦት ሥራ አለመሆኑ የገባኝ እዚያ ነው። በኋላ ግን መንገዱ በየጊዜው ተዘጋጋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ የሚጠገነው ፍሪጅም አብሮ ጠፋ። ለዱባይ የኤሲ ሠራተኛ ይፈለጋል ሲባል ተመዘገብኩ፣ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ።

ትርንጎ ደግሞ አስተማሪ ናት፤ ከወሎ ሌላኛው ጫፍ ተመድባ የመጣች። የምታስተምረው ከሰቆጣ ውጭ፣ ፃግብጂ ስለሆነ ዓርብ ማታ ሰቆጣ ትገባለች፣ እሑድ ከሰዓት ትመለሳለች። ትዳራችን የቅዳሜና የእሑድ ትዳር ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወደ ሰቆጣ ለመዛወር ተራ መጠበቅ ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር።

ዱባይ አየር ማረፊያ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ወረቀቴን አገላበጠና፣ «ሙያ?» አለኝ።

«ኤሲ።»

«አገርህ ኤሲ አለ?»

«እኔ ካለሁበት የለም።»

«ለምን?»

«አይሞቅም።»

«ታዲያ የት ተማርከው?»

«ፍሪጅ ላይ።»

ከጎኑ ላለው ባልደረባ በዐረብኛ ነገረውና ሁለቱም ጋቢዬን እያዩ ሳቁ። ከዚያ ማህተሙን መታልኝ። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ፍሪጅ» አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ምን አደርጋለሁ? ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ።

ኩባንያችን ለረዳት ሠራተኛ ማደሪያ ስለማይሰጥ ከዱባይ አጠገብ ሻርጃ ውስጥ «በድ ስፔስ» ተከራየሁ። በድ ስፔስ ማለት አልጋ እንጂ ክፍል አይደለም፤ ክፍሉን ስድስት ሆናችሁ ነው የምትካፈሉት። አከራያችን አቡ ሰሊም ይባላል። «ኤሲ አለው?» አልኩት ገና ስገባ። «አለው፣ በነጻ ነው» አለኝ። «ሪሞቱስ?» ስለው ኪሱን መታ መታ አደረገና «ሪሞቱ የኔ ነው» አለ። አሥራ ስድስት ዲግሪ ላይ አድርጎት ሄዷል። በሦስተኛው ቀን ስድስታችን ተሰልፈን በረደን ብለን ብንለምነው እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። «ያ አላህ! ሌላው ሞቀኝ ብሎ ይከሰኛል፣ እናንተ በረደን ትላላችሁ! ብርዱ የሚመጣው ከሕንፃው ነው፣ እኔ አልከፍልበትም፣ እናንተም አትከፍሉም። ኻላስ፣ በቃ፣ ተጠቀሙበት!» እኔ የኤሲ ሠራተኛው፣ በረሃ መሐል በኤሲ ብርድ ተንቀጥቅጬ የትርንጎን ጋቢ ተከናንቤ አደርኩ።

ሌላውንም እናንተው ገምቱት። እዚህ አሳንሰር ውስጥ «እንደምን አደራችሁ» ብላችሁ ብትገቡ ሰው ሁሉ ስልኩን ያያል። ማራቸው እንደ ውሃ ነው የሚፈስ፤ የኛው ነጭ ማር ማንኪያ ያቆማል ብላቸው ማን ይመነኝ? ሐምሌ ላይ ከደጅ ስትወጡ ፊታችሁን የሚመታችሁ አየር ከምድጃ የወጣ ነው የሚመስለው፤ በእኛ አገር ያን ጊዜ ሰው ጉም ለብሶ ነው የሚሄድ። ሥራውን ግን ወደድኩት፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ወደድኩት።

አለቃዬ ራጃን የሚባል የኬረላ ህንድ ነው፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። የመጀመሪያ ቀን ሃያ ሁለት ፎቅ ካለው የቢሮ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወሰደኝና እንዲህ አለኝ፦ «ኪሮስ፣ እኛ ብርድ አንሠራም። ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ሙቀት ብቻ ነው። ሙቀቱን ከውስጥ ተሸክመን ወደ ውጭ እንጥላለን። ተሸካሚዎች ነን።» የሕንፃው አሮጌ ማሽን መካከለኛ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር፤ ወይ በሙሉ ጉልበቱ ይሠራል ወይ ይቆማል። ሰው በሌለበት ቀን እንኳ እንደ ሞላበት ቀን ያቃጥላል። እኛ የተከልነው አዲሱ «ቺለር»፣ ውሃ አቀዝቅዞ በቱቦ ወደየፎቁ የሚልከው ማሽን፣ ግን ፍጥነቱን እንደ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ይጨምራል። በየፎቁ ግድግዳ ላይ ሴንሰር የሚባል ሙቀት የሚለካ ትንሽ ነጭ ሳጥን አለ። ሴንሰሩ «ሞቀኝ» ካለ ማሽኑ ወደዚያ የሚልከውን ውሃ ያቀዘቅዛል፤ «በቃኝ» ካለ ያርፋል። የመብራት ቁጠባው ሁሉ ያለው እዚያ ዕረፍት ውስጥ ነው። ሰቆጣ ላይ መብራት መጣ ሲባል እልል የምንል ሰዎች ነን፤ እዚህ ጸሐፊዎቹ ሹራብ ደርበው ኤሲ ሥር ሲቀመጡ ሳይ ያናድደኝ ነበር። ስለዚህ ያቺን ነጭ ሳጥን በገጠምኩ ቁጥር አንድ ደግ ነገር የሠራሁ ይመስለኛል።

የሕንፃው ባለቤት ሥራችንን የሚረከበው የአንድ ወር ሙከራ ታይቶ፣ የመብራት ፍጆታው ቃል በገባነው መጠን ከቀነሰ ብቻ ነበር። ለእኔም የተቆረጠልኝ ነገር ነበረ፤ ሙከራው ካለፈ ከረዳትነት ወደ ቴክኒሻንነት አድጋለሁ። ኩባንያችን ለቴክኒሻን የቤተሰብ ቤት ይሰጣል፣ የሚስቱንም ወረቀት ራሱ ያስጨርሳል። ይህን ለትርንጎ ስነግራት በስልኩ ውስጥ እልል አለች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ የዱባይ ሴቶች ምን እንደሚለብሱ ጠየቀችኝ። ሙከራው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ስትደውል ድምፅዋ ቀለል ብሎ ነበር።

«ዝውውሬ ወጣልኝ እኮ።»

«እልል! ሰቆጣ?»

«ሰቆጣ። ግን ለጓደኛዬ ለቀቅኩላት። እሷ ልጅ አላት። እኔ ወደ አንተ የምመጣ ሰው፣ ሰቆጣን ምን አደርገዋለሁ?»

ደስ አለኝ አልኳት። ደስም ብሎኛል፤ ግን ወረቀቱ ገና እጄ አልገባም ነበር።

የሙከራው መጀመሪያ ሳምንት ሁሉም ነገር አማን ነበር። ከዚያ አሥራ አራተኛ ፎቅ «ሞቀኝ» ማለት ጀመረ። ምድር ቤት ካለው ስክሪን ላይ ስናየው ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ ዲግሪ ይላል። የዚህ ዓይነቱ ማሽን ጠባይ ደግሞ ከሃያ ሁለቱ ፎቅ አብዝቶ የጮኸውን መስማት ነው፤ አንዱ ሞቀኝ ካለ ለሁሉም ውሃውን ያቀዘቅዛል። በአንድ ፎቅ ጩኸት የሕንፃው ፍጆታ ወደ ድሮው ሊመለስ ምንም አልቀረው። የአሥራ አራተኛውን ሴንሰር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ራጃን ሌላ ሰው አልጠራም፣ እኔን አየኝ።

በየማለዳው ሠራተኛ ሳይገባ እየወጣሁ ፈተሽኩ። ቱቦውን አየሁ፣ ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ሴንሰሩን በአዲስ ለወጥኩ። ማለዳ ላይ ሃያ አራት፣ ልክ እንደታዘዘው። ወርጄ ሻይ ስጠጣ ስክሪኑ ሃያ ዘጠኝ ይለኛል። ሰው አያምነኝም እንጂ አሥራ አራተኛ ፎቅን ጠበል ልወስደው አስቤ ነበር። ወሩ ሊያልቅ አሥር ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሐሙስ ዕለት፣ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ ሥራ ላይ እያለ ድንገት ወጣሁ። ፎቁ በረዶ ሆኗል። አንዲት ጸሐፊ አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፍና ነው የምትጽፈው። ወደ ሻይ ማፍያው ክፍል ገባሁ፤ ሴንሰሩ ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

ልክ ከሴንሰሩ ሥር፣ ማለዳ ማለዳ ጠፍቶ ስለማገኘው ልብ ያላልኩት ትልቁ የውሃ ማፍያ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ቀጥ ብሎ ነጯን ሳጥን ያጥናታል። ከማፍያው ጎን አንድ ባልዲ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርገው ሽታውን አወቅሁት፤ ሊጥ ነው፣ ሊቦካ የደረሰ ሊጥ። ከኋላዬ አንዲት ሴት በኽምጣና፣ በእኛው በዋግ ቋንቋ፣ ፈጣሪን ስትማጸን ሰማሁ። አፌም ሳላስበው በኽምጣና መለሰላት። የያዘችው መወልወያ ከእጇ ወደቀ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የሰቆጣ ልጅ ነኝ፣ እናቴ።»

«ወይኔ ጉዴ! እኔስ የደሃና አይደለሁ! ሊያስይዘኝ የመጣ ሰው ስትመስለኝ፣ ለካስ የአገሬ ልጅ!»

እትዬ ደስታ ትባላለች፤ እናቴ ልትሆን ጥቂት ነው የሚቀራት። የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ከአሥር የአገራችን ሴቶች ጋር አንድ ማደሪያ ትኖራለች። ዓርብ ዓርብ፣ ዕረፍታቸው ሲሆን፣ እሷ ናት እንጀራ የምትጋግርላቸው።

«ማደሪያችን ብርድ ነው ልጄ» አለችኝ። «ሊጡ አምስት ቀን ቢቀመጥ አልነሳ ይላል፤ ዱቄቱ ለብቻው ውሃው ለብቻው። ድሮ ይቺ ማእዘን ትሞቅ ነበር። ሮብ አቡክቼ አስቀምጣለሁ፣ ሐሙስ ማታ ደርሶ እወስደዋለሁ። ኋላ የሆኑ ሰዎች መጡና ኤሲውን ቀየሩት፣ ሙቀቷ ድራሿ ጠፋ። እጃቸው ይሰበር!»

«የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ ደስታ።»

እጆቼን አየች። «እንግዲያ የአንተን አይስበረው» አለች።

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ማፍያውን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ እዚህ አመጣሁት፣ ሊጡ ጎኑን ይሙቀው ብዬ። ግን ቤቱ ራሱ ባሰበት። ብርዱ ሲጨምር እኔም እሳቱን እጨምራለሁ።»

«ይቺን ነጭ ሳጥን ያዩዋታል? ሙቀት የምትለካው እሷ ናት። እርስዎ ውሃ ባፈሉ ቁጥር እሷ ቤቱ ነደደ ብላ ጣሪያ ላይ ያለውን ማሽን ትጣራለች።»

አፏን በእጇ ያዘች። «እንዲህ ነዋ ነገሩ! እኔና ማሽንህ ስንታገል ነው የከረምነው!» ሳቋ መጣና ከሳቋ መሐል ፊቷ ተለወጠ። «ልጄ፣ ባባትህ አትንገርብኝ። በሥራ ቦታ ምግብ አስቀምጠሻል ተብዬ አንድ ማስጠንቀቂያ አለብኝ። ሁለተኛው ወደ አገር የሚመልሰኝ አውሮፕላን ነው።»

አልናገርም አልኳት። ቃሉ ከአፌ የወጣው ሳላስብ ነው። ወዲያው ራጃን ከበሩ ላይ ቆሞ አየሁት።

«ኪሮስ፣ ችግሩን አገኘኸው?»

«አገኘሁት። ሴንሰሩ ያለበት ቦታ ነው።»

«ጥሩ። ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«የሴንሰሩ ቦታ ነው ችግሩ።»

«የጠየቅሁህ ስለ ሽታው ነው።»

እሱ ወደ ባልዲው ሄደ፣ ጎንበስ አለ። «ባለቤቴ የሩዝ ሊጥ ስታቦካ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በዝናብ ወራት ከመጋገሪያ ምድጃው ውስጥ አምፖሉን አብርታ ታስቀምጠዋለች። እኔ ምንም አልሸተተኝም።» እትዬ ደስታ ቋንቋው አልገባትም፤ ፊቱን አይታ ግን እጅ ነሳችው። ራጃን ወደ ኮሪደር አወጣኝ። «እኔ ባይሸተኝም ወረቀቱ ምክንያት ይፈልጋል» አለኝ። «የሕንፃው ባለቤት ሁለት ሳጥን ያለው ፎርም ልኮልኛል። አንደኛው የተጠቃሚ ስህተት ይላል፤ እሱ ላይ ምልክት ካደረግህ ማን እንደሆነ ስም ይጽፋሉ። ሁለተኛው የገጠማ ስህተት ይላል። እሱ ላይ ካደረግህ ስሙ የታወቀ ነው። የገጠማ ስህተት የተጻፈበት ረዳት በዚያ ዓመት አያድግም፣ ደንቡን እኔ አላወጣሁትም። ከምሳ በኋላ ሞልተህ አምጣልኝ።»

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሴንሰሩ ከሚሞቅ ዕቃ ርቆ ይተከል ይላል ሥዕሉ። ገመዱ አጠረኝና፣ ማን ያየዋል ብዬ ከጠረጴዛው በላይ የተከልኩት እኔው ነኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዳልል፣ እኔም ከበሉት አንዱ ነኝ። ቢሆንም ማፍያውን እዚያ ባታስጠጋው ማንም አያውቅብኝም ነበር። ያን የምሳ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስልኬን እያየሁ ፈጀሁት። ፃግብጂ ላይም የትምህርት ቤቱ ዕረፍት እንደሆነ አውቃለሁ። ትርንጎ ስልኳን ይዛ ኔትወርክ ካለባት ጉብታ ላይ ትሆናለች፤ ብደውል ታነሳለች። አልደወልኩም። «የሴትየዋን ስም ተናገር» እንዳትለኝ ፈራሁ፤ «አትናገር» እንዳትለኝም ፈራሁ። ሁለተኛው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁና ፈርሜ ሰጠሁት።

ያን ዕለት ማታ ገመዱን አስረዝሜ ሴንሰሩን ወደ ኮሪደሩ ወሰድኩት። በማግስቱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ዝም አለ፣ ማሽኑም ማረፍ ጀመረ። የሊጡ ነገር ደግሞ ራሱ መላ አመጣ። ከሕንፃው ተሸክመን የምናወጣው ሙቀት የሚያልፍበት የማሽን ክፍል ጣሪያው ላይ አለ፤ ሮብ ሮብ ባልዲውን እኔ በሥራ አሳንሰር አወጣለሁ፣ ሐሙስ አወርዳለሁ። የመጀመሪያው ጊዜ ሙቀቱን ሳንገምተው ሊጡ ገንፍሎ ክዳኑን ጣለው፤ እንጀራውም ኮምጣጣ ወጣ። ሴቶቹ ግን እየሳቁ በሉት። ራጃን ወለሉ ላይ የፈሰሰውን አየ፣ ተራመደው፣ ሄደ።

ሙከራው አለፈ። ባለቤቱ ፈረመ፣ ፎቶ ተነሣን። ራጃን ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «ማሽኑ አልፏል፣ አንተ ለከርሞ» አለኝ።

ለትርንጎ የደወልኩላት ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሰቆጣ ገበያ ወጥታ ነበር፣ የሰዉ ድምፅ ይሰማኛል። ከሊጡ ጀምሬ እስከ ፎርሙ ሁሉንም ነገርኳት።

«ሴትየዋ ሥራዋ ላይ አለች?» አለችኝ።

«አለች።»

«ደግ አድርገሃል።» ከገበያው ወጥታ ጸጥ ያለ ቦታ እንደሄደች ከድምፅዋ አወቅሁ። «ግን ኪሮስ፣ ዓመቱ የእኔም ነበር። የእኔንም አብረህ ስትሰጠው አልጠየቅኸኝም።»

«ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«እሱን አሁን አልነግርህም» አለችና ዘንድሮ ዝናቡ እንደዘገየ አወራችኝ።

በማግስቱ ወደ ፃግብጂ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዋወላለን፤ ትስቃለች፣ ትቆጣኛለች፣ ስለ ተማሪዎቿ ትነግረኛለች። መልሱን ግን እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፤ እኔም ደግሜ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።